አሲድ የሚያመነጭ የማዕድን ተረፈ ድንጋይን እንዴት እንያዘው? ከሳምፕል አወሳሰድ እስከ ኖራ ስሌት

ደቡብ አፍሪካ ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) የምትኖሩ ሀበሾች ከተማዋ ዳር ዳር ያሉትን ቢጫ ኮረብታዎች ሳታዩ አትቀሩም። ኮረብታ አይደሉም፣ ከ1886 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ወርቁ እየተለቀመ የተጣለ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከስር ደሞ መሬቱ ተቦርቡሯል። ማዕድኖቹ ሲሠሩ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ይወጣ ነበር፣ ሲዘጉ ፓምፑም ቆመ፣ ውሃው ቀስ እያለ ዋሻውን ሞላና በ2002 ክሩገርስዶርፕ አጠገብ ፈንቅሎ ወጣ፣ አሲድ ሆኖ፣ ብረት ተሸክሞ፣ ትዊሎፒስፕሩይት በምትባል ትንሽ ወንዝ አድርጎ የዱር እንስሳት ፓርክ ውስጥ ገባ። አሁን መንግሥት ትልልቅ ማጣሪያ ሠርቶ ቀን ከሌት ኖራ እየጨመረበት ነው፣ ወርቁን ወስደው የሄዱት ከሄዱ ስንት ዘመናቸው።

ይሄን ያነሳሁት እኛም አገር ቤኒሻንጉል፣ ጉጂ፣ ትግራይ የወርቅ ሥራ እየሰፋ ስለሆነ ነው። ሁሉም ድንጋይ አሲድ ያመነጫል ማለቴ አይደለም፣ ግን የትኛው እንደሚያመነጭ ገና ሳይፈነዳ ማወቅ ይቻላል፣ ወጪውም ኋላ ከሚመጣው ጣጣ ጋር አይወዳደርም። ሳይት ላይ ላላችሁ፣ አዲስ ለተመረቃችሁ ጂኦሎጂስቶች፣ ወረዳ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የካምፓኒ ሪፖርት ለምታነቡም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት ይፈጠራል

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ፓይራይት ነው፣ ብረትና ድኝ የተጣበቁበት እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ማዕድን። መሬት ውስጥ እያለ አየር ስለማያገኘው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተሰባብሮ ሜዳ ላይ ሲከመር ግን አየርና ውሃ ያገኘዋል፣ ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱ ይሟሟል። ውሃው ወደ አሲድነት ባዘነበለ ቁጥር ደሞ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ ይሄ ባክቴሪያ የብረቱን ለውጥ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ያፋጥነዋል፣ የተለወጠው ብረት ደሞ ራሱ ተመልሶ ፓይራይቱን ይበላል። ያኔ አየር ብቻ አይደለም ድንጋዩን የሚያበላሸው ማለት ነው። ለዛ ነው ከጀመረ በኋላ ማስቆም ከባድ የሚሆነው፣ ለዛም ነው ከታች የምዘረዝረው ግማሹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ የሆነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አይረን ማውንቴን የሚባል የቆየ ማዕድን ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ 7 መሃሉ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) −3.6 ተለክቷል፣ ከዜሮ በታች።

ድንጋዩ ሲቃጠል ሙቀት ስለሚያወጣ ጠዋት ብርድ ላይ ከክምሩ አናት እንፋሎት ሲወጣ ካያችሁ ውስጡ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በጋ ላይ ደሞ ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን እዩት፣ ስንጥቁ ላይ ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ቢጤ ጨው ጋግሮበታል፣ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ያ ጨው የደረቀ አሲድና ብረት ነው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ወራት ሙሉ የተጠራቀመው ባንዴ ይሟሟና ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ የዓመቱ ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በነዛ ጥቂት ቀናት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

1ኛ፦ ድንጋዩን ሳታፈነዱ እወቁት

ወርቅ ፍለጋ ከተቆፈረው ኮር (እንደ ዱላ ተቆርጦ ከሚወጣው ድንጋይ) ላይ ሳምፕል ውሰዱ፣ ወርቅ ካለበት ብቻ ሳይሆን ተቆፍሮ ከሚጣለው ድንጋይ ጭምር። እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ላብራቶሪ የሚላከው ወርቁ ያለበት ነው፣ የሚጣለው ግን ከሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በየድንጋዩ ዓይነት፣ በየጥልቀቱ፣ የጠቆረውም የተለወጠውም መግባት አለበት፣ ለአንድ ዓይነት ድንጋይ 2 ወይ 3 ሳምፕል ወስዶ ጨረስኩ ማለት አይሠራም።

ከዛ ሁለት ቁጥር ትፈልጋላችሁ። አንደኛው ድንጋዩ ምን ያህል አሲድ ሊያመነጭ ይችላል የሚለው ነው፣ የሰልፋይድ ድኙን (እንደ ፓይራይት ከብረት ጋር የተጣበቀውን ድኝ) በመቶኛ ወስዳችሁ በ31.25 ታባዛላችሁ፣ የሚመጣው በአንድ ቶን ድንጋይ ስንት ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሚያስፈልገው ይነግራችኋል። ሁለተኛው ድንጋዩ ራሱ አሲዱን የመግደል አቅሙ ነው፣ ላብራቶሪው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙቶ ይለካዋል፣ እሱም በዛው መለኪያ ይመጣል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከ2 በላይ ከሆነ ብዙም አያሳስብም፣ ከ1 በታች ከሆነ አሲድ አመንጪ ነው ብላችሁ ያዙት፣ መሃል ላይ ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። ድኙ 1.2 በመቶ የሆነ ድንጋይ አለን፣ 1.2 ሲባዛ በ31.25፣ 37.5 ኪሎ በቶን። የራሱ መከላከያ 10 ኪሎ ነው እንበል። 10 ለ37.5 ሲካፈል 0.27 ነው፣ ይሄ ድንጋይ ያለምንም ጥርጥር አሲድ ያመነጫል፣ የጎደለው ደሞ በቶን 27.5 ኪሎ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። ጂፕሰም ውስጥ ያለ ድኝ አሲድ አያመነጭም፣ ስለዚህ ጠቅላላ ድኝ ብቻ ለክቶ ሪፖርት የሚያደርግ ላብራቶሪ ካለ ሰልፋይዱን ለብቻው እንዲለይ ጠይቁ። ሁለተኛው ሲደራይት ነው፣ የብረት ካርቦኔት፣ ምርመራው ላይ መከላከያ መስሎ ይታያል፣ ግን የሚለቀው ብረት ኋላ ዝገት ሲሆን አሲዱን ይመልሰዋል። ብዙ ሲደራይት ያለበት ድንጋይ በወረቀት ጤነኛ መስሎ መሬት ላይ ያቃጥላችኋል።

ለማረጋገጫ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፣ 2.5 ግራም የተፈጨ ድንጋይ በ250 ሚሊ ሊትር 15 በመቶ ፐርኦክሳይድ ውስጥ ይገባል፣ ሲጨርስ ይፈላና ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ ይለካል፣ ከ4.5 በታች ከወረደ አሲድ አመንጪ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ባንዴ ገንፍሎ ይረጫል፣ ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ፣ ጭስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል እንዳትሞክሩት። አጠራጣሪዎቹን ደሞ በየሳምንቱ 3 ቀን ደረቅ አየር፣ 3 ቀን እርጥብ አየር እየሰጡ በ7ኛው ቀን በውሃ የሚያጥቡበት ረዥም ምርመራ ውስጥ አስገቧቸው። 20 ሳምንት ዝቅተኛው ነው፣ ከዓመት በላይም ይሄዳል፣ ስለዚህ ፈቃዱ ሊወጣ ሲል ሳይሆን ገና ቁፋሮው ላይ መጀመር አለበት። ማኔጅመንቱ ጊዜ የለንም ሲል ልትከራከሩ የሚገባው እዚ ጋ ነው።

2ኛ፦ ለዩት፣ የምር ለዩት

ውጤቱን የማዕድኑ ሞዴል (የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ የሚያሳየው የኮምፒውተር ካርታ) ውስጥ አስገቡና እያንዳንዱ ፍንዳታ ውስጥ ያለው ድንጋይ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታወቅ። ቀይ ባንዲራ አሲድ አመንጪ፣ አረንጓዴ ጤነኛ፣ እንደዚህ ቀላል ይሁን። አንድ የሠራሁበት ቦታ ካርታው እንከን የሌለው ነበር፣ ማታ ሺፍት ላይ ግን የቀዩ መድፊያ ሩቅ ስለሆነ ሹፌሮቹ ቅርቡ አረንጓዴ ላይ እየደፉ ይመለሱ ነበር፣ በምልልስ ነበር የሚከፈላቸው። ማንም አላወቀም። ከአንድ ክረምት በኋላ ጤነኛ ነው ካልነው ክምር ግርጌ ብርቱካናማ ውሃ ሲወጣ ነው የነቃነው፣ ያኔ ደሞ የትኛው ጋ እንዳለ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከሹፌሮቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ለምን እንደሚለይ አስረዷቸው፣ ሩቅ ለሚሄደው ምልልስ ክፍያውን አስተካክሉ፣ በየሳምንቱ ከአረንጓዴው ክምር ሳምፕል አንሱ። ከማንኛውም ሶፍትዌር ይሄ ይበልጣል።

3ኛ፦ አቀማመጡ

ከገደል አናት ቆሞ መድፋት በጣም የተለመደ ነው፣ በጣም መጥፎም ነው። ትልልቁ ድንጋይ እየተንከባለለ ታች ይሰበሰባል፣ ደቃቁ ላይ ይቀራል፣ ታች ያለው ክፍተት እንደ ምድጃ አፍ አየር ይስባል። አሲድ የሚያመነጨው ድንጋይ በስስ ንብርብር፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው መቀመጥ ያለበት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ውሃ ውስጥ ማስተኛት ነው። ተቃራኒ ይመስላል አይደል፣ ውሃ እንዳይነካው እየጣርን ውሃ ውስጥ እንክተተው ማለት። ግን ኦክስጅን ውሃ ውስጥ የሚጓዘው አየር ውስጥ ከሚጓዘው ወደ 10,000 ጊዜ በዘገየ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ የጠለቀ ፓይራይት የሞተ ያህል ነው፣ ችግሩ አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ ሲሆን ነው። ጀርመኖች ሮነበርግ የሚባለው የዩራኒየም አካባቢ ያደረጉት ይሄን ነው፣ አብዛኛውን ክምር አንስተው ሊሽተንበርግ የሚባለው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲመልሱ በጣም አሲዳማውን ከታች፣ ወደፊት የከርሰ ምድር ውሃው ከሚሸፍነው በታች፣ ጤነኛውን ከላይ አድርገው ኖራ እየቀላቀሉ ሞሉት። ጉድጓድ ቀድሞ የሚያልቅበት ማዕድን ካላችሁ እቅዱን ከዛሬ አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ግድብ ገንብቶ ላዩ ላይ ውሃ ማስተኛት ሌላ ነገር ነው። ካናዳ ማውንት ፖሊ በ2014፣ ብራዚል ብሩማዲንሆ በ2019 የተረፈ ምርት ግድብ ተደርምሶ ብሩማዲንሆ ላይ 270 ሰው አልቋል። ለአሲዱ ሲባል ግድብ ላይ ውሃ መከመር ከታች ሰፈር ላሉት ሌላ አደጋ ነው፣ እኔ በበኩሌ ከታች ሰው ያለበት ቦታ ላይ አልመክረውም።

የኖራ ድንጋይ እየፈጩ መቀላቀልም ይቻላል። ያው ምሳሌያችን፣ 10,000 ቶን ድንጋይ በ27.5 ኪሎ 275 ቶን ነው። ቅልቅሉ መቼም እኩል አይሆንም፣ በ1.5 አባዙት፣ የኖራ ድንጋዩ ንጽህና 85 በመቶ ቢሆን ለ0.85 አካፍሉት፣ 485 ቶን ይመጣል። ደቃቅ መሆን አለበት፣ ጠጠር ከሆነ ላዩ ዝገት ይለብስና ውስጡ ሳይሠራ ይቀራል።

4ኛ፦ ክዳን፣ እና ንጹሑን ውሃ ማራቅ

የኛ አየር ለክዳን አስቸጋሪ ነው። ክረምቱ ኃይለኛ ነው፣ በጋው ረዥም ነው። ሸክላ አፈር ብቻ ጠቅጥቀው ቢተዉት በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ክረምት ላይ ውሃውን ቀጥ አድርጎ ያስገባዋል። አውስትራሊያ ደረቁ አካባቢ የሚሠሩበት ውሃውን ይዞ ቆይቶ በትነት የሚለቅ ወፍራም አፈር ደሞ 3 እና 4 ወር ተከታታይ ዝናብ ላለበት አይበቃም። ስለዚህ ሸክላው ከስር በስስ ንብርብር እየተጠቀጠቀ፣ በላዩ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር፣ ከዛ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር እንዳይደርቅ የሚጠብቀው አፈር፣ ከዛ ሳር። ባህር ዛፍ እንዳትተክሉበት አደራ፣ ቶሎ አረንጓዴ ስለሚያደርግ ያጓጓል፣ ሥሩ ግን ሸክላውን ይበሳዋል፣ ውሃውንም ይመጠዋል።

ከላይ ተዳፋቱ የሚመጣውን ንጹህ ጎርፍ ክምሩ ሳይነካ በቦይ አዙሩት። ርካሽ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል፣ በኋላ የምታጣሩትን ውሃ በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፣ ግን ቦዩ በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ደለሉ መጠረግ አለበት።

5ኛ፦ የወጣውን ውሃ ማከም

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የሚያመልጥ ይኖራል፣ ወይ ደሞ የሰው ጥፋት ተረክባችሁ ሊሆን ይችላል። ፒኤች ብቻ አይታችሁ ኖራ አትገምቱ፣ የሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ራሱ አሲድ የተሸከመ ነው። ስሌቱ እንዲ ነው፣ ሁሉንም በሚሊግራም በሊትር ያዙ፦ ብረቱን (ገና ያልዛገውን) በ2 አባዝታችሁ ለ56፣ አሉሚኒየሙን በ3 አባዝታችሁ ለ27፣ ማንጋኒዙን በ2 አባዝታችሁ ለ55 አካፍሉ፣ ፒኤቹ 3 ከሆነ 1 ጨምሩ፣ 4 ከሆነ 0.1። ድምሩን በ50 አባዙ።

ፒኤች 3፣ ብረት 100፣ አሉሚኒየም 20፣ ማንጋኒዝ 5 የሆነ ውሃ፦ 3.57 + 2.22 + 0.18 + 1 = 6.97፣ በ50 ሲባዛ ወደ 349 ሚሊግራም በሊትር። በሰከንድ 2 ሊትር የሚፈስ ከሆነ በቀን 172.8 ሜትር ኩብ ነው፣ ስለዚህ በቀን ወደ 60 ኪሎ በካልሲየም ካርቦኔት ሂሳብ። ውሃ የጠጣ ኖራ (ተቃጥሎ ውሃ የተጨመረበት) ሲሆን በ0.74 ይባዛል፣ 45 ኪሎ ገደማ፣ ብክነቱንና ንጽህናውን 90 በመቶ ብንል 50 ኪሎ። በቀን ግማሽ ኩንታል፣ ለዚች ለቀጠነች ጅረት! በዓመት ከ180 ኩንታል በላይ ነው፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ራሳችሁ አስቡት። ድንጋዩን ለዩ ለዩ የምለው ለዚ ነው።

ገበሬው አሲዳማ ማሳ ላይ የሚበትነው ኖራ የተፈጨ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ አይደለም፣ ርካሽ ነው ግን ፒኤቹን ወደ 6 ገደማ አድርሶ ይደክማል፣ ብረትና አሉሚኒየም ያወርዳል፣ ዚንክና ማንጋኒዝ አያወርድም። ዚንክ 9 አካባቢ፣ ማንጋኒዝ ከዛም በላይ ይፈልጋል። 9ን ስታልፉ ግን አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይሟሟል፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ኖራ ጨምራችሁ ሞክሩ፣ አማስሉት፣ አየር ይግባበት፣ ሰዓት ይዛችሁ ዝቃጩ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ ላብራቶሪ ላኩ። የሚሠራው መጠን እሱ ነው።

ዝቃጩ መጀመሪያ ላይ እንደ አጥሚት ቀጭን ነው፣ 2 እና 3 በመቶ ብቻ ጠጣር። የተወሰነውን መልሳችሁ ከአዲሱ ኖራ ጋር ብትቀላቅሉት እየወፈረ ከ20 በመቶ በላይ ይደርሳል፣ ጆበርግ ያሉት ማጣሪያዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ዝቃጩን አሲድ የሚመነጭበት ክምር ላይ መልሳችሁ እንዳትደፉ፣ ይሟሟል። ሰልፌቱ (ከድኙ የመጣው፣ ውሃው ውስጥ የሟሟው) ደሞ በኖራ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ በሊትር ከ1500 እስከ 2000 ሚሊግራም አካባቢ ይቀራል፣ ጥርት ስላለ ብቻ ለመጠጥ ይሆናል ብሎ ለሕዝብ መንገር ኃጢአት ነው።

የኖራ ድንጋይ የተሞላ ቦይ ብቻ ሠርተን እንገላገል የሚል ይመጣል። እኔም ሠርቻለሁ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፒኤቹ ተመልሶ ወረደ፣ ድንጋዩን አንስቼ በቢላ ስፍቀው ላዩ የእንቁላል ቅርፊት የሚያክል ብርቱካናማ ዝገት፣ ውስጡ ነጭ እንደነበረ ነው። የኖራ ድንጋይ ቦይ የሚሠራው ወይ ተዳፋት ላይ ውሃው እያጠበው ሲሄድ፣ ወይ ደሞ አየር እንዳይገባው ተቀብሮ ውሃው ውስጥ ኦክስጅንም፣ የዛገ ብረትም፣ አሉሚኒየምም ከ1 ሚሊግራም በታች ሲሆን ነው። ብረቱን የሚያስቀር ረግረግ መሥራትም ጥሩ ነው፣ አሲዱ ከሞተ በኋላ። በቀን በሜትር ካሬ 10 ግራም ብረት ብላችሁ ካሰላችሁ ያቺ የምሳሌ ጅረት 17 ኪሎ ብረት ስለምታመጣ 1,700 ሜትር ካሬ ቦታ ትፈልጋለች።

6ኛ፦ ስለ ሰው

ኖራ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር ግዴታ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አየሩን ነው። ክምሩ ኦክስጅን ሲበላ የሚወጣው አየር ኦክስጅን የለውም። በግንቦት 2006 ካናዳ ሱሊቫን በሚባል የተዘጋ ማዕድን፣ ከክምሩ ግርጌ ውሃ የሚለካባት ትንሽ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ ወደቀ፣ ሊፈልገው የመጣው ወደቀ፣ ሊረዷቸው የመጡት ሁለት አምቡላንስ ሠራተኞች ወደቁ። አራቱም ሞቱ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከክምር ግርጌ ጉድጓድ፣ ቱቦ፣ ቆርቆሮ ቤት ካለ የኦክስጅን መለኪያ ሳይዝ ማንም እንዳይገባ፣ ጓደኛው ቢወድቅ እንኳ።

7ኛ፦ ክትትል

በየወሩ ፒኤች፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ)፣ ሰልፌት፣ ብረት፣ እና የሚፈሰውን መጠን ለኩ፣ መጠኑ ሳይለካ የተለካ ብረት ጥቅሙ ግማሽ ነው። ፒኤቹ ላይ ብቻ አትተኙ፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ካርቦኔት እስኪያልቅ ፒኤቹ 7 ላይ ቁጭ ብሎ ዓመታት ሊያታልላችሁ ይችላል፣ ሰልፌቱ ግን ከመጀመሪያው መውጣት ይጀምራል። ሰልፌት በተከታታይ ሲጨምር ካያችሁ ፒኤቹ ጤነኛ ቢሆንም ክዳኑን፣ ቦዩን፣ ከየት አየር እንደሚገባ ሄዳችሁ እዩ።

እና ያ የሰኔ ዝናብ። የወሩ ሳምፕል 15 ቀን ላይ ነው ብላችሁ አትጠብቁት። ንጹህ ጠርሙሶቹን ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ አዘጋጅታችሁ ቁሙ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ማታም ይሁን እሁድ፣ ባትሪና ቡትስ ይዞ የሚወጣ ሰው ስሙ ተጽፎ ይመደብ፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ በሦስተኛው ሰዓት፣ በማግስቱ ጠዋት ይቅዳ። ታች ከብት የሚያጠጡትን ሰዎችም በዛ ሰሞን ቀድማችሁ ንገሯቸው።